«ፍላጎት የለውም» ከማለታችን በፊት



በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከዓመት ዓመት የማትጠፋ አንዲት አነጋገር አለች፦ «የዘንድሮ ተማሪ እኮ ፍላጎት የለውም።» የፈተና ወረቀት ታርሞ ባለቀ ማግስት ትነገራለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን ሻያችንን እንጠጣለን፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔም ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ዛሬ ማታ እዚህ የቆምኩት ይህች አነጋገር ስንት ልጅ እንዳስቀረችብን ልነግራችሁ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረኝ። ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ እጁን አያወጣም፤ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። ሁለት ፈተና በተከታታይ ወደቀ። በልቤ «ይሄ ልጅ ለመማር አልመጣም» ብዬ ፈረድኩበት። በኋላ የዶርም ጓደኛውን አግኝቼ ስለ እሱ ሳነሳበት፣ «መምህር፣ እሱ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ነው የሚያነበው። እኛ መብራት አጥፍተን ስንተኛ ሃንድአውቱን ይዞ ይወጣል» አለኝ። ልጁ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ በላይ ይለፋ ነበር። የሚለፋው ግን ብቻውን ነበር፤ ያልገባውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ በማንበብ እንዲገባው ይታገል ነበር። ይህን በሰማሁ ጊዜ ሴሚስተሩ አልቆ ነበር፤ ልጁም ግቢውን ለቆ ወደ አገሩ ሄዷል።

እሱን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ዩሪ ትራይስማን የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር የሠራው ሥራ ነው። ትራይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ከሚወስዱ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዲ ወይም ኤፍ ያገኙ ነበር። ዝርያቸው ከቻይና የሆነ አሜሪካውያን ተማሪዎች ግን በዚያው ኮርስ ጥሩ ውጤት ያመጡ ነበር። ትራይስማን መምህራኑን «ለምን ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀ። መልሳቸው ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፍላጎት የላቸውም አሉ። ከሁለተኛ ደረጃ ይዘውት የመጡት መሠረት ደካማ ነው፣ ቤተሰቦቻቸው ለትምህርት ብዙም ግድ የላቸውም፣ ድህነቱም አለ አሉ።

ትራይስማን በግምት አልረካም። 20 ጥቁር ተማሪዎችና ዝርያቸው ከቻይና የሆነ 20 ተማሪዎች ወስዶ እንዴት እንደሚያጠኑ ይከታተል ጀመር። ማደሪያቸው ድረስ ሄደ፤ ሲሠሩ በቪዲዮ ቀረጻቸው። በዚህ ጊዜ አራቱም ግምቶች ፈረሱ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው ቀዳሚ የነበሩ፣ ወላጆቻቸው ብዙ የደከሙላቸው፣ እነሱም ቆርጠው የመጡ ልጆች ነበሩ። «ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት አጥኑ» ሲባሉ ቃሉን አክብረው በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ያጠኑ ነበር። በር ዘግተው፣ ብቻቸውን። ጓደኛ የጨዋታ ነው፤ ጥናት የግል ነው፤ ሁለቱን አይቀላቅሉም።

ዝርያቸው ከቻይና የሆኑት ግን በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ያጠኑ ነበር። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። ማታ ይሰበሰቡና አብረው በልተው መልሳቸውን ያስተያያሉ፤ በቆዩ ፈተናዎች ይጠያየቃሉ። የአንዱ መልስ ከሌሎቹ ከተለየ ስሕተቱ የት እንዳለ ይፈልጉለታል። ማንም ያልሠራው ጥያቄ ከተገኘ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ከባድ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቆያችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ብቻውን የሚያጠና ተማሪ አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲለው ሁለት ነገሮችን መለየት አይችልም። ጥያቄው ነው ከባድ ወይስ እኔ ነኝ ደካማ? የሚነግረው ሰው አጠገቡ የለም። መጀመሪያ መጀመሪያ «ጥያቄው ነው» ይላል። እየዋለ እያደረ፣ አሥረኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ፣ «እኔ ነኝ» ማለት ይጀምራል። ፍላጎት የሚሞተው በዚያች ሰዓት ነው። ጥቅምት ላይ እናቱ መርቃ የሸኘችው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የነበረው ልጅ ጥር ላይ ከኋላ ወንበር ይገኛል። እኛም ያን ጊዜ እናየውና «ፍላጎት የለውም» እንላለን። የበሽታውን መጨረሻ ምልክት አይተን የበሽታው መነሻ ነው ብለን እንጽፋለን።

ትራይስማን ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቀኛል። በዩኒቨርሲቲው ለደካማ ተማሪዎች የተዘጋጀ የማካካሻ ትምህርት ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ይሸሹታል። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆኖ የመጣ ልጅ «ለደካሞች» ተብሎ በተሰየመ በር መግባት አይፈልግም። ስለዚህ እሱ የከፈተው መርሐ ግብር ለጎበዞች የተዘጋጀ ነው ተባለ። ተማሪዎቹ በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው መምህሩ ክፍል ውስጥ ከሚሰጠው የከበዱ ጥያቄዎችን ይሠራሉ፤ ይከራከራሉ፤ አንዱ ለሌላው ያስረዳል። የሚረዳቸው ሰው መልሱን አይነግራቸውም፤ የት እንደተሳሳቱ የሚያሳይ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል። በዚህ ውስጥ ያለፉት ጥቁር ተማሪዎች ካላለፉት እጅግ የተሻለ ውጤት አመጡ። ዘዴው በኋላ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛመተ። የልጆቹ ቤተሰብ አልተለወጠም፤ ከሁለተኛ ደረጃ ይዘውት የመጡት እውቀትም ያው ነበር። የተለወጠው የሚማሩበት መንገድ ነው፤ ውጤቱም ፍላጎቱም ተከትለው መጡ።

ይህን ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ30 ሺሕ ያነሱ ልጆች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት በረሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ በር ነው። ፕሮግራሙ አስፈላጊ ነው፤ እንዲቀር የምመክር ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ልጅ ግቢ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው የመጀመሪያ ስሙ «ረሚዲያል» ሲሆን ምን እንደሚሰማው አስቡት። «ምን ደረሰህ?» ሲሉት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ያንኑ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት በዚያው በቀድሞው መንገድ፣ በፍጥነት፣ ለብዙ መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ ደግመን ብናነብለት ያንኑ ውጤት ደግመን እናያለን። እንዲህ ያለው ልጅ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው የሚከበርበት ቡድንና ጭንቅላቱን የሚያሠራ ጥያቄ ነው።

ሌላውንም ጫፍ እንየው። የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ወደ 150 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎች ተቀመጡ። የመንግሥቱም የግሉም ተቋም አንድ ላይ ተደምሮ ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ናቸው። እነዚህ ሦስትና አራት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ተምረው ኮርሶቻቸውን ያለፉ ልጆች ናቸው። ኮርሱን አልፎ ፈተናውን መውደቅ እንዴት ይሆናል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንደኛው ግን ተማሪዎቻችን ራሳቸው «ችከላ» የሚሉት ነገር ነው። በፈተናው ዋዜማ ሃንድአውቱን ቸክሎ በማግስቱ ወረቀት ላይ ማራገፍ ይቻላል። ሦስት ዓመት ይዞት መቆየት ግን አይቻልም።

የችከላ ተቃራኒ የሆነውን፣ ስለ ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች «ተሳትፎ» የሚሉትን ነገር እኔ «ልብ ማለት» ብለው ይሻለኛል። «ተሳትፎ» ሲባል እጅ ማውጣትና አቴንዳንስ መፈረም ብቻ ይመስላል። ተማሪ በአካል ተገኝቶ ስሙን ፈርሞ ልቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ልብ ያለ ተማሪ የሰማውን ነገር በራሱ አእምሮ ይፈትነዋል፤ «ይህ ከትናንትናው ጋር እንዴት ይስማማል?» ይላል፤ ሳይገባው ሲቀር ይቆረቁረዋል።

ይህ በቁጥርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። መምህሩ ብቻውን እየተናገረ በሚያስተምርባቸው ክፍሎች የወደቁት በአማካይ 34 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ተማሪው በክፍል ውስጥ እየሠራና እየተወያየ በሚማርባቸው ግን 22 ከመቶ ያህል ነበሩ። ከመቶ ተማሪ አሥራ ሁለቱ! እነዚህ አሥራ ሁለት ልጆች እኛ አገር ቢሆኑ «ፍላጎት የላቸውም» የተባሉ ነበሩ።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ለተማሪዎቻችን ልነግራቸው የምፈልገው አንድ ነገር ይዟል። የፊዚክስ ተማሪዎች ጥሩ ተናጋሪ የሆነ መምህር ሲያስረዳቸው ብዙ እንደተማሩ ተሰማቸው። ራሳቸው ሲሠሩ ግን ግራ ስለተጋቡና ስለደከማቸው ትንሽ የተማሩ መሰላቸው። ሲፈተኑ ነገሩ ተገለበጠ፤ ብዙ የተማሩት ግራ በተጋቡበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ልጆቼ፣ ስታጠኑ ድካምና መወናበድ ሲሰማችሁ «አልችልም» ማለት ነው ብላችሁ አትተርጉሙት። ብዙ ጊዜ ትምህርት ወደ ውስጥ ሲገባ የሚሰማ ድምፅ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው ገና ግስና አገባብ ሲጀምር ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ራሱ እንዲቆጥር ይደረጋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ማቅረብ አይችልም፤ ቅኔ አይደገምምና። ሜዳ ወጥቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪው ደግሞ ትናንት እሱ ባለበት ቦታ የነበረ ተማሪ ነው። ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ሲሆንለት ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። በየቀኑ ይሠራል፣ በየቀኑ ይታረማል፣ ከፊቱ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ የከበደ ነገር አለ። ለምኖ እያደረ፣ ውሻ እያባረረው፣ ተርቦ ለዓመታት የጸናበት ምክንያት እምነቱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ዛሬ ያልቻለውን ነገ እንደሚችል በየሳምንቱ በገዛ ዓይኑ ያይ ነበር። የዚያን ሕይወት መከራ አላወድስም፤ ስንት ልጅ በረሃብና በበሽታ ከመንገድ ቀርቷል። የማስተማሩን ብልሃት ግን ትተን መውጣታችን ያንገበግበኛል።

«ታዲያ ቡድን እኛም ሞክረን ነበር፤ አንድ ለአምስት የተባለው የጥናት ቡድንስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ ለአምስትን የሚያስታውሱ ተማሪዎች በበጎ ሲያነሱት ብዙም አልሰማሁም። ቡድኑ ከላይ በስም ዝርዝር ይመደብ ነበር፤ ሪፖርት ይሞላ ነበር፤ አሳይመንቱን አንዱ ጎበዝ ይሠራና የሁሉም ስም ይጻፍ ነበር። ሰዎቹ አንድ ላይ ተቀመጡ እንጂ አብረው የሚታገሉት ጥያቄ አልነበራቸውም፤ እርስ በርሳቸውም አልተመራረጡም። ተማሪ «እየተቆጣጠሩኝ ነው» ብሎ በሚጠረጥርበት ቦታ አላዋቂነቱን አይገልጥም። «አልገባኝም» የማይባልበት ቡድን ደግሞ ለጥናት አይረባም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ቁስል አለን፤ የዲፓርትመንት ምደባ። አንድ ወቅት ከመቶ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ተወስኖ ነበር። ዛሬም ቢሆን ብዙ ተማሪ በነጥቡ ምክንያት ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ምርጫው ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው በትምህርት እንዲጸና ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፦ የራሱ ምርጫ እንደሆነ መሰማት፣ እየቻለ መምጣቱን ማየት፣ ከሰዎች ጋር መሆኑን ማወቅ። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በደስታ ይጫወቱበት ለነበረው የእንቆቅልሽ ሥራ ገንዘብ ከተከፈላቸው በኋላ ክፍያው ሲቆም ከበፊቱ ያነሰ ሰዓት ሰጡት። ሽልማቱ ፍላጎቱን ከውስጥ አውጥቶ ከውጭ ሰቀለው። የእኛ ልጆች ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለደረጃ፣ ለነጥብ፣ ለማለፍ ሲማሩ ኖረው በ18 ዓመታቸው ያልመረጡት ትምህርት ውስጥ ሲገቡ «ከልባችሁ ውደዱት» እንላቸዋለን።

ምደባውን እኔ ነገ መለወጥ አልችልም፤ እዚህ የተቀመጣችሁ መምህራንም አትችሉም። በኮርሳችን ውስጥ ግን ምርጫ መስጠት እንችላለን። የአፈር ምሕንድስና የደረሰው ልጅ የመንደሩን መንገድ ለምን ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚፈርስ ያጥና። ስታቲስቲክስ ሳትመርጠው የደረሳት ልጅ ለመሥሪያ የሚሆናትን መረጃ ራሷ ትምረጥ። ሳይመርጡት የገቡበትን ሙያ የራሳቸው ያደረጉ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያስታውሱት አንድ ሥራ፣ አንድ ጥያቄ ወይም አንድ መምህር አላቸው።

የመጨረሻው ነገር ባይተዋርነት ነው። ወላይታ ያደገ ልጅ ጎንደር ይመደባል፤ ጎጃም ያደገች ልጅ ሐረማያ። ቋንቋው፣ ምግቡ፣ የአየሩ ጠባይ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ግጭት ሲነሳ በሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው መመለሳቸውን አንርሳ። ሰላም ባለበት ቀን እንኳ ብዙ ልጅ «እኔ የዚህ ቦታ ሰው ነኝ ወይ?» እያለ ነው የሚያድረው። ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጠው የቀደሙ ተማሪዎችን ገጠመኝ አስነበቧቸው። መልእክቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ላይ ባዳ ነኝ ብሎ መጨነቅ የሁሉም ነው፤ ያልፋል። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የጥቁር ተማሪዎቹ ውጤት ከፍ አለ፤ ከነጮቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት በግማሽ ያህል ጠበበ። ነገር ግን በ22 ተቋማት፣ ከ26 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሰፊ ጥናት አንድ ነገር አከለበት። ያ መልእክት የሠራው ግቢው በእውነት ልጆቹን የሚያቀርብ ሲሆን ነው። «የእኛ ነህ» ተብሎ የተነገረው ልጅ ዞር ሲል የሚያቀርበው ሰው ካላገኘ ቃሉ ባዶ ይሆናል።

መምህራን ሆይ፣ በመጪው ሴሚስተር ከምትናገሩበት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀንሱና ለተማሪዎቹ አንድ ከባድ ጥያቄ ስጧቸው፤ በወንበሮቹ መካከል እየዞራችሁ ምን እንደሚሉ ስሙ። ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት «አልገባኝም» ልትሏቸው የማታፍሩባቸውን ሁለት ሰዎች ፈልጉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከግቢ ሲደውል «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር ነው የምታጠናው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ብቻዬን» ካላችሁ ስልኩን አትዝጉ።